ስማቸው የጠፋ ሽጉጦች
ከመቅደላ እስከ ቡታጅራ

የድሮ ሽጉጥ የሚሰበስብ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለብረቱ አይደለም፤ ከብረቱ ጋር ለሚመጣው ታሪክ ነው፣ ያውም ማስረጃ ላለው ታሪክ። አሜሪካ ውስጥ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ የኮልት ፋብሪካ በ1951 እ.ኤ.አ. ለአየር ኃይል በረራ ሠራተኞች ያቀረበው «ኤርክሩማን» የተባለ ሪቮልቨር ነው። ክብደት ለመቀነስ ሲባል አካሉም ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ቋቱም ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ 310 ግራም ገደማ ነበር። ይኸው ፋብሪካ በ1847 እ.ኤ.አ. የሠራው «ዎከር» ሁለት ኪሎ ይመዝን ነበርና ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግን አሉሚኒየሙ የጥይቱን ግፊት አልቻለም። አየር ኃይሉ አደጋ ፈርቶ ሽጉጦቹን ሰበሰበና አብዛኞቹን አጠፋቸው። ሲጀመርም የተሠሩት ከ1,200 አይበልጡም፤ ከጥፋት ያመለጡት ጥቂቶች ዛሬ እንደ ዕንቁ ይፈለጋሉ።

በእኛ አገር ሽጉጥ ብርቅ የሚሆነው በሌላ መንገድ ነው። ብረቱ በየቤቱ ይኖራል፣ የማን እንደነበረ የሚናገር ግን አይገኝም።

ስሙን ይዞ የቀረ አንድ ሽጉጥ እናውቃለን፤ የአፄ ቴዎድሮስ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደን በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሲሞት ንጉሠ ነገሥቱ ወዳጃቸው ነበርና ደሙን ተበቀሉለት። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዚህ ምስጋና እንዲሆን ሽጉጦች ላከች። ተተኪው ቆንስል ካሜሮን በ1862 እ.ኤ.አ. አምጥቶ አስረከበ። በብር ሰሌዳ ላይ የሰጪዋና የተቀባዩ ስም፣ የፕላውደን ስምና 1861 የሚል ዓመት ተቀርጾ ነበር። ቴዎድሮስ በምላሹ ለንግሥቲቱ ጻፉ፤ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ቆንስሉ ታሰረ፣ ሌሎችም አውሮፓውያን ተከተሉት፣ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ያጠፉት በዚያው የስጦታ ሽጉጥ ነው። ወደ አምባው የገቡት ወታደሮች አስከሬኑ አጠገብ ሽጉጡን አንስተው ሰሌዳውን አነበቡ። የጦሩን ጉዞ ይከታተል የነበረው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊም ይህንኑ ጽፎ አልፏል። ያቺ ትንሽ የብር ሰሌዳ ባትኖር ኖሮ ሽጉጡ ከዚያ ቀን ምርኮ ሁሉ የሚለይበት ምክንያት አልነበረም።

ወደ ቸሃና ወደ ቀሪው ጉራጌ ስንመጣ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይገኝም። የጦርነቱ ታሪክ ግን ሞልቷል። የምኒልክ ጦር በ1868 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጉራጌ ባደረገው የመጀመሪያ ዘመቻ ብዙ ሰው አጥቶ ተመለሰ። ሰሜኑ ክስታኔ በሰላም ሲገባ ሰባት ቤት ጉራጌ አሻፈረኝ አለ። ዛሬ ወልቂጤ ካለችበት አካባቢ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ተነስቶ ለዓመታት ሲዋጋ ቆየ፤ የተሸነፈውም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ራስ ጎበና ዳጬ በጠመንጃ የበረታ ጦር ይዘው ከዘመቱበት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሽጉጥ የጦር መሣሪያ ከመሆኑ ይልቅ የማዕረግ ምልክት ነበር ማለት ይቀላል። ተራው ወታደር ውጅግራ ጠመንጃውን ወይም ጦሩን ይዞ ሲሰለፍ ሽጉጥ ወገባቸው ላይ የሚታይባቸው መኳንንቱ ነበሩ።

ዐድዋ ይህን ለወጠው። ከጣሊያን የተማረከው 56 መድፍና 11 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በየመጽሐፉ ተደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ሽጉጡን የሚቆጥር ግን የለም። የጣሊያን ጦር በዚያን ጊዜ ይይዘው ከነበረው መካከል በ1889 እ.ኤ.አ. የተቀበለው «ቦዴዮ» ሪቮልቨር አለ። ስድስት ጎራሽ ነው፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ጥቂት የሚጎድለው። ለተራ ወታደር የተሠራው ምላጩ የሚታጠፍ ሲሆን መከለያ ቀለበት የለውም፤ የመኮንኑ ምላጭ ግን በቀለበት የታጠረ ነው። የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት ብዙውን ጊዜ አካሉ ላይ ይታተማል።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቦዴዮ ከዐድዋ በኋላም እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከጣሊያን እጅ አልወጣም፤ በ1928ቱ ወረራም መጥቷል። ስለዚህ «ከዐድዋ የመጣ ነው» የተባለለት ሽጉጥ ላይ ከ1896 በኋላ ያለ የአውሮፓ ዓመት ከታተመ ወሬው አልሠራም። የሩሲያው «ናጋን»ም እንዲሁ ይመረመራል። ሰባት ጎራሽ የሆነውን ናጋን ሩሲያ የተቀበለችው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤልጂግ ውስጥ ሊዬዥ ይሠራ ነበርና የቱላ ፋብሪካ ማኅተም ያለበት ከ1898 በፊት ሊሆን አይችልም። ብረት አይዋሽም፤ አያቶቻችንም ሊዋሹ ፈልገው አይደለም፣ ሁለት ጦርነት አንድ ላይ ተደባልቆባቸው ነው እንጂ።

ናጋን ባነሳሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ነገር ነው። ናጋን የሩሲያ ጦር መሣሪያ በሆነበት በዚያው ዓመት ዳምጠው የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ፒተርስቡርግ ነበሩ። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ዐድዋ ላይ ወደቁ። ልጃቸው ራስ ደስታ ዳምጠው ደግሞ ሕይወታቸው ያለፈው ጉራጌ ምድር ላይ ነው።

ራስ ደስታ በደቡብ ግንባር የጣሊያኑን ጄኔራል ግራዚያኒን የገጠሙ ናቸው። ጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶሪያ ጦራቸው ቢፈታም ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ እንኳ በሲዳሞ ሆነው መዋጋታቸውን ቀጠሉ። በ1929 ዓ.ም. ከደጃዝማች በየነ መርዕድና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ጋር ወደ ሰሜን ሲያፈገፍጉ ጎጌቲ ላይ ተከበቡ። የካቲት 12 አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ የተወረወረው ቦምብ ሲፈነዳ እዚህ የመጨረሻው ውጊያ በማብቃት ላይ ነበር። በየነ መርዕድና ገብረ ማርያም ሕይወታቸው አለፈ። ራስ ደስታ አምልጠው ጥቂት ቀናት ቆዩ፤ ተይዘው የካቲት 17 ቀን ቡታጅራ አካባቢ ተረሸኑ። የገብረ ማርያም ስም አዲስ አበባ ውስጥ በፈረንሳዩ ሊሴ ትምህርት ቤት በር ላይ ይነበባል። የዚያ የመጨረሻ ሠራዊት መሣሪያ ግን ከባለቤቶቹ ስም ጋር አልተመዘገበም። ሲደመሰስ ከወገቡ ሽጉጥ ፈትቶ የሚሄድ ጦር ደግሞ ዝርዝር አያስቀርም።

ይህ ታሪክ ውጭ አገር ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ቅርስ አጫራች ፊት ይቀርብ ነበር። የመቅደላው ምርኮ እንዲያ ሆኗልና። በ2016 ዓ.ም. ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ የቀረበ የመቅደላ ጋሻ ከኢትዮጵያ በተነሳ ተቃውሞ ከጨረታ ወጥቷል። አብሮት ማስረጃ ባይመጣ ኖሮ ተቃውሞው የሚይዘው ነገር አያገኝም ነበር። እኛ ዘንድ ያለው ችግር ተቃራኒው ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፣ አሮጌ ሽጉጥ ያለው ቤተሰብ ዝም ማለትን ይመርጣል። አዋጁ ይጠቅማል፤ አልከራከርም። ነገር ግን ከሽጉጡ ጋር የቤቱ ታሪክ ሲቀበር ጉዳቱ ከብረቱ ይበልጣል። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የሚናገረው ስለ ሐውልትና ብራና ብቻ አይደለም፣ ታሪካዊ ዋጋ ያለው ተንቀሳቃሽ ዕቃም ቅርስ ነው።

ስለዚህ በእምድብርም፣ በወልቂጤም፣ በቡታጅራም ላላችሁ አንባቢዎች የምለው አለኝ። አባት ያስቀመጡት መሣሪያ ካለ መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ሂዱና ሕጋዊ አድርጉት። በአሸዋ አትፈትጉት፤ ማኅተሙ ከጠፋ ዕድሜውም ጠፋ። ከሁሉም በላይ ግን የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ዘመቻ እንደተገኘ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ጠይቁና በወረቀት ጻፉት። ወረቀቱንም በወረዳችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስገቡ።