«ትርፍ» በገበያና በአዋጅ

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ገበያ «ትርፍ» የሚለው ቃል ከነጋዴ አፍ አይለይም። ቃሉ «ተረፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ፣ በስምነቱ ከወጪ በላይ የተገኘውን ጥቅም፣ በቅጽልነቱ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነውን ያመለክታል። ትርፍ ሰው የጫነ አውቶቡስ ይቀጣል፤ ከመደበኛው ጊዜ በላይ የሠራ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይጠይቃል፤ ሐኪሞች ሳይቀሩ ትርፍ አንጀት የሚሉት አለ፤ ሕመሙ ግን እንደ ስሙ የሚናቅ አይደለም።

ይህ ቅጽል ከሁሉ የከበደውን ትርጉም ያገኘው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በአዋጁ መሠረት የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራይ በመቀነሱ ተከራዩ እፎይ አለ፤ ይህም ሊካድ አይገባም።

ነገር ግን የገበያው «ትርፍ» የሚለካው በፍላጎት ሲሆን የአዋጁ «ትርፍ» የሚለካው በቁጥር ነበር። በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ፣ በነቀምቴም መንገድ ዳር በተዘረጉት ትንንሽ ከተሞች፣ የጓሮ ክፍል አከራይቶ መኖር የተለመደ ነበር። ከኪራይ በቀር ገቢ ለሌላት ባልቴት ሁለተኛዋ የጭቃ ቤት የዕለት እንጀራዋ እንጂ ትርፍ አልነበረችም። አዋጁ ራሱ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች መተዳደሪያ አበል ማሰቡ፣ ቃሉ ሁሉንም በትክክል እንደማይገልጽ ማመኑ ይመስላል። ለግንበኛም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፦ በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሦስት በር ያለው ቤት አንድ ነው ወይስ ሦስት?

ቤቶቹ ከጊዜ በኋላ «የቀበሌ ቤት» የሚለውን ስም ይዘው ሲቀሩ «ትርፍ» የሚለው ቅጽል ከአፍ እየራቀ ሄደ። በ1987 ዓ.ም. ግን አዋጅ ቁጥር 110/1987 ከሕግ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች እንዲመረመሩ ፈቀደ። ስለዚህም ከ20 ዓመት በኋላ የባለቤቶችና የወራሾች አቤቱታ፣ ቤቱ በተወሰደበት ዕለት በእርግጥ ትርፍ ነበርን? ወደሚለው ጥያቄ ተመለሰ።