ቤት፣ ደጅ፣ ማዶ፦ ለሦስት ዓይነት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሦስት ስም

«ሲስተም የለም።»

ይህችን መልስ በባንክ መስኮት፣ በመብራት ክፍያ ወረፋ ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አዲስ አበባም ጂንካም ቃሏ ያው ናት። ባለጉዳዩ «መቼ ይመጣል?» ይላል፤ የሚመልስለት የለም። እሱ ወንበር ሲፈልግ ከመስኮቱ ጀርባ ስልክ ይደወላል። ወዴት ነው የሚደወለው? እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወዳለው የአይሲቲ ክፍል? ሲስተሙን ሠርቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደሄደው ወጣት? ወይስ በዚያ ሰዓት ተኝቶ ወዳለ የሌላ አገር ኩባንያ?

እንግሊዝኛ እነዚህን ሦስት የስልክ አድራሻዎች ኢን-ሃውስ፣ ፍሪላንስ እና ኦፍሾር ይላቸዋል። ሶፍትዌር ማሠራት የፈለገ ድርጅት ሁሉ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል። የእኛ ሰው ግን ቃላቱን እንዳሉ እየተዋሰ ስለሚጠቀምባቸው ምርጫው የዋጋ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ስሙ በራሳችን ቋንቋ ሲሆን ዋጋው ውስጥ ያልተጻፈውም ይታያል።

ቃል በቃል እንተርጉም ብንል ገና ከመነሻው እንሰናከላለን። ኢን-ሃውስን «የቤት ሠራተኛ» ካልነው ባለሙያው ኮምፒውተሩን ትቶ ሽንኩርት ሊከትፍ ነው። ፍሪላንስ ደግሞ የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ የስኮትላንዱ ደራሲ ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1819 በወጣው «አይቫንሆ» ልቦለዱ ውስጥ ለከፈለው ጌታ ሁሉ ጦሩን የሚያከራየውን ወታደር የጠራበት ነው። «ነጻ ባለሙያ» ብለን ብንመልሰው፣ «ነጻ» በአማርኛ «ያለ ክፍያ» ማለትም ስለሆነ ደመወዙን አስቀርተንበታል። የሰፈሩ ልጆች «ሽቀላ» የሚሉት ለመንፈሱ ይቀርባል፤ ውል ላይ ግን አይጻፍም። ኦፍሾር «ከባሕር ዳርቻ ራቅ ያለ» ማለት ሲሆን ለሌላ አገር ሠራተኛ መጠሪያ ሆኗል። የእኛው «ባሕር ማዶ» ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ባይኖረንም ከአፋችን አልጠፋም። ሆኖም ይህን ቃል ሙሉውን መውሰድ አያስፈልግም፤ ግማሹ ይበቃል።

ስለዚህ የማቀርበው አቻ የሚከተለው ነው፦ የቤት ባለሙያ፣ የደጅ ባለሙያ፣ የማዶ ባለሙያ። የቤት ባለሙያ በደመወዝ ተቀጥሮ ከእኛው ጋር የሚውል ነው። የደጅ ባለሙያ ለአንድ ሥራ በውል መጥቶ ሲጨርስ የሚሄድ ነው። የማዶ ባለሙያ ሌላ አገር ተቀምጦ፣ ብዙውን ጊዜ በኩባንያ በኩል የሚሠራልን ነው። በቤት ውስጥ ያለውን ሰው «ሠራተኛ» ሳይሆን «ባለሙያ» የምንለው ለዚያው ለሽንኩርቱ ስንል ነው።

ቃላቱ ከቦታ በላይ ይናገራሉ። «ደጅ» ቅርብ ነው፤ ግን ደጅ ይጠናበታል። «ማዶ» ደግሞ እዚህ ሆኖ ይታያል፣ ድምፅም ይሰማበታል፤ ለመድረስ ግን ወንዝ ወይም ገደል አለ። ይህን ለማስረዳት ከሃና የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሃና በደቡብ ኦሞ ዞን የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በማጎና በኦሞ ወንዞች መካከል ያለ አገር ስለሆነ «ማዶ» ሲባል እዚያ ያለ ሰው ወንዝ ነው የሚታየው። የዞኑ ዋና ከተማ ጂንካ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ ለሃና የአዲስ አበባው ፕሮግራመር በፓስፖርት ሲታይ የአገር ልጅ፣ በአውቶቡስ ሲታይ የማዶ ሰው ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስብ። በሃና የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት የአርብቶ አደሮችን ከብት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ማሠራት ፈለገ እንበል። ባለቤቱ፣ የከብቱ ዕድሜ፣ የተከተበበት ቀን፣ ቀለሙ ይመዘገባል። ቀላል ሥራ ይመስላል። ፕሮግራመሩም የቀለም ዝርዝር ያዘጋጃል፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቡሬ፣ «ሌላ»።

ይህ ዝርዝር ሃና ሲደርስ ይወድቃል። በሳላማጎ የሚኖሩት ቦዲዎች የከብትን ቀለምና ዥንጉርጉርነት በመሰየም ረገድ በዓለም የታወቁ ናቸው። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ካትሱዮሺ ፉኩይ እዚያው ሄዶ ይህንኑ አጥንቷል። የነጩ ጣል ጣል ማለት፣ የነጠብጣቡ ቦታ፣ የሁለት ቀለም አገጣጠም ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ለቦዲው ቀለም የከብቱ መታወቂያ ነው። በአራት ቀለም የተሠራ ሶፍትዌር ከከብቶቹ አብዛኞቹን «ሌላ» ውስጥ ከቶ ያርፋል። ስሕተቱ የኮድ አይደለም፤ ጠያቂ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

የቤት ባለሙያ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ከክትባት ቡድኑ ጋር ወጥቶ በረት ይቆማል፣ የተረሳውን ያያል፣ ማታውኑ ያስተካክላል። ዋጋው ግን ደመወዝ ብቻ አይደለም። አሠሪው በሠራተኛው ደመወዝ ላይ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩ፣ ኢንተርኔቱ፣ የዓመት ፈቃዱ አለ። ሥራ ባይኖርም ደመወዙ አይቆምም። ደግሞም ጎበዙ ልጅ ሃና ላይ እስከመቼ ይቆያል? የጂንካ ዩኒቨርሲቲ መከፈቱ የአካባቢውን ልጅ በአካባቢው ለማስተማር በር ከፍቷል፤ የአዲስ አበባ ደመወዝ ግን መጥራቱን አይተውም። ብቻውን የሚሠራ የቤት ባለሙያ ሲለቅ ሲስተሙን በጭንቅላቱ ይዞት ይሄዳል።

የቤት መሆን በራሱ የጥራት ዋስትና አለመሆኑን ለማየትም ከኦሞ ሸለቆ መውጣት አያስፈልግም። የኦሞ ኩራዝ ቁጥር 1 ስኳር ፋብሪካ ግንባታ ለአገር ውስጡ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ፤ ቁጥር 2 ለቻይናው ኮምፕላንት። ቁጥር 2 ቁጥር 1ን ቀድሞ ማምረት ጀመረ። ከብረት ወደ ኮድ ብንመጣም ነገሩ ያው ነው፤ «የእኛው» የሚለው ቃል ያልተማሩትን ሙያ አይተካም።

የደጅ ባለሙያ መጀመሪያና መጨረሻው ለሚታወቅ ሥራ ተስማሚ ነው። ድረ ገጽ፣ አንድ መመዝገቢያ፣ አንድ የሪፖርት ቅጽ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2016 የተቋቋመው ገበያ የተባለው ኩባንያ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን ከአሠሪ የሚያገናኝ የገበያ ቦታ ሆኖ ታውቋል። ከዚያ ውጭ ግን አብዛኛው ሥራ የሚገኘው በሰው በሰው ነው፤ «አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ» በሚል ስልክ ቁጥር።

ችግሩ የሚመጣው ከርክክቡ በኋላ ነው። ልጁ ሌላ ሥራ ይዟል፣ ወይም ወደ ውጭ ሄዷል። ሲደወል «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ድምፅ ትመልሳለች። ያኔ ደጅ የሚጠናው ከፋዩ ይሆናል። መከላከያው የታወቀው የገበያ ጥበብ ነው፦ ቀብድ ትንሽ፣ ቀሪው በየደረጃው፤ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ እስከዚያ የተጻፈው ኮድ በእጅ ይግባ። የመጨረሻው ክፍያም አንድ ወር ከተሠራበት በኋላ ይሁን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ሁሉ ይጠብቃልና የባለቤትነቱ ነገር በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር። በቃል የተባለ በክርክር ቀን አይገኝም።

ወደ ማዶ እንሻገር። ይህን አሠራር ያገነነችው ህንድ ናት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዓለም ኮምፒውተሮች 2000ን እንደ 1900 እንዳይቆጥሩት ሲፈራ፣ አሮጌ ኮድ መስመር በመስመር የሚያርም ብዙ እጅ አስፈለገ። የህንድ ኩባንያዎች ያን ሥራ ይዘው ገቡ፤ አልወጡም። ኒውዮርክ ሲተኛ ቤንጋሉሩ ይነቃልና ሥራው ሌሊትም አይቆምም ነበር።

እኛም የሌሎች ማዶ ሆነን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አፖዚት ለናይጄሪያው የገንዘብ ማስተላለፊያ ኩባንያ ለፓጋ ሶፍትዌር ሲሠራ ኖረ። ሌጎስ ከእኛ የምትዘገየው በሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የሥራ ቀናቸው አንድ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፓጋ አፖዚትን ገዛው። ይህ ግዢ ለቃላችን ትልቅ ማብራሪያ ነው፦ ፓጋ የልቡን ሥራ የሚሠሩለትን ሰዎች በማዶ ሊያቆያቸው አልፈለገም፤ ሌጎስ ሳያመጣቸው አዲስ አበባ ባሉበት የቤት አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስም ለሆንግ ኮንጓ ሮቦት ለሶፊያ ሶፍትዌር በመሥራት ተሳትፏል።

አሠሪዎቹ እኛ ስንሆን ግን የማዶ ባለሙያ ሦስት ሒሳብ አለው። አንደኛው ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተዋዋለ ሰው አንዲት የኮድ መስመር ሳትጨመርለት ዕዳው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የሰዎች መረጃ ከአገር ሲወጣ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ የአርብቶ አደሩ ስምና ስልክ ቁጥር የግል መረጃ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀ ነው። «ሃና» የሚለውን የከተማ ስም እንውሰድ። አንዱ ጸሐፊ «ሃና» ይላል፣ ሌላው «ሀና»፣ ሦስተኛው «ሐና»። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስቱም የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ይህን ያላወቀ ፕሮግራመር የሠራው መፈለጊያ አንዲቷን ከተማ ሦስት ያደርጋታል፤ የከብቱም ቁጥር ለሦስት ይከፈላል። ጳጉሜን የማያውቅ ደግሞ በጳጉሜ 3 የተከተበች ጊደርን «ቀኑ ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለውን ስብሰባም ከሌሊቱ ለ9 ሰዓት ይቀጥረዋል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። ተረቱ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የግዕዝ ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡት ቀደምት ሰዎች መካከል አሜሪካ ይኖሩ የነበሩት እነ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ይገኛሉ። በአካል ማዶ ነበሩ፤ በፊደሉ ግን ከቤትም ጓዳ ነበሩ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ፕሮግራመርም ለቦዲ በረት ማዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤት፣ ደጅና ማዶ የሚለኩት በሁለት መለኪያ ነው፤ አንዱ ባለሙያው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሌላው ጉዳያችንን የሚያውቅበት ልክ። የሚጎዳው ስሕተት የመጀመሪያውን ለክቶ ሁለተኛውን መርሳት ነው።

ታዲያ የሃናው ጽሕፈት ቤት ምን ያድርግ? ሥራው በየቀኑ የሚለዋወጥና የተቋሙ ልብ ከሆነ ቤት ይሁን። መጨረሻው የሚታወቅ ከሆነ ደጅ ይሁን። ማንም ጋ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ፊደልና ቀን የማይነካው ክፍል ከሆነ ማዶ ቢሠራ አይጎዳም። ብዙውን ጊዜ ሦስቱም ይቀላቀላሉ። ሦስቱም ቢቀላቀሉ ግን አንድ ሰው የግድ የቤት መሆን አለበት፤ ኮድ መጻፍ ላይችል ይችላል። ከብቱን የሚያውቅ፣ ጥያቄ የሚጠይቅና ቁልፉን የሚይዝ ሰው ይሁን። ቁልፍ ስል የሶርስ ኮዱን፣ የሰርቨሩን ፓስወርድ፣ የድረ ገጹን ስም ምዝገባና ባካፑን ማለቴ ነው። እነዚህ በሌላ ሰው ኢሜይል የተከፈቱ ከሆነ ቤቱም የሌላ ሰው ነው።

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ይህ ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥ። «ሃና»ን፣ «ሀና»ን፣ «ሐና»ን ጽፎ ይፈልግ፤ ሦስቱም አንድ መልስ ይስጡት። ጳጉሜ 5ን ያስገባ። አንድ የቦዲ ሽማግሌ አጠገቡ አስቀምጦ የበሬያቸውን ቀለም ይጠይቃቸው፤ «ሌላ» ሳይል ይመዝግበው። ከዚያ ሠሪው እያየ ፓስወርዱን ይቀይር። ፊርማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።