በቲዩብ የማይክሮፎን ፕሪአምፕ ላይ የኃይል አቅርቦት ጉምጉምታን መቀነስ

የኃይል አቅርቦት ጉምጉምታ የመብራት መስመሩ ተለዋዋጭ ጅረት ወደ ድምፁ መንገድ ሰርጎ ሲገባ የሚሰማ፣ ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ ነው። የማይክሮፎን ፕሪአምፕ የጥቂት ሚሊቮልት ምልክትን ከ100 እስከ 1000 እጥፍ ስለሚያጎላ፣ በመግቢያው በኩል የገባ ኢምንት ጉምጉምታም አብሮ ይጎላል። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ በመሆኑ ጉምጉምታው በ50፣ በ100 ኸርዝና በብዜቶቻቸው ላይ ይወድቃል። የበገና ወፍራም ድምፆችም በ100 ኸርዝ አካባቢ ስለሚገኙ፣ ጉምጉምታውን ከቀረጻ በኋላ ቆርጦ ለማውጣት መሞከር የበገናውንም ድምፅ ያሳሳዋል። የሚሻለው ከምንጩ ማድረቅ ነው።

ምንጩን መለየት

የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ አብዛኛውን ጊዜ ከትራንስፎርመሩ መግነጢሳዊ መስክ፣ ከቲዩቡ ፊላመንት (ማሞቂያ ሽቦ) ወይም ከኧርዝ ቀለበት ይመጣል። የ100 ኸርዙ ደግሞ በቂ ማጣሪያ ያላገኘ የሙሉ ሞገድ ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ክፍል) ምልክት ነው። የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ሲቀነስ ጉምጉምታው አብሮ ከቀነሰ የገባው ከመቆጣጠሪያው በፊት ነው፤ ካልተለወጠ ግን ከኋላው ባለው ክፍል ይፈለጋል።

የከፍተኛ ቮልቴጅ ማጣሪያ

ከሬክቲፋየሩ ቀጥሎ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያለውና 5 ሚሊአምፔር የሚስብ ፕሪአምፕ 1 ቮልት ያህል ያልተጣራ ሞገድ ይቀረዋል። ቀጥሎ 10 ኪሎኦም ሬዚስተርና ሌላ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢገቡ፣ በ100 ኸርዝ ላይ ያለው ሞገድ ወደ 300 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል፤ ማለትም ወደ 3.5 ሚሊቮልት ይወርዳል። ተመሳሳይ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨመር ወደ አንድ መቶኛ ሚሊቮልት ይጠጋል። ዋጋው ግን በየሬዚስተሩ የሚጠፋው 50 ቮልት ነው። ይህን ኪሳራ መሸከም የማይችል መሣሪያ በሬዚስተሩ ፈንታ ቾክ (የማጣሪያ ጥቅል) ወይም የቮልቴጅ ሬጉሌተር ይጠቀማል። የመጀመሪያው ቲዩብ ምልክቱ ገና ደካማ የሆነበት ስለሆነ ኃይሉን ከመጨረሻው ማጣሪያ ማግኘት አለበት።

ፊላመንት

እንደ ኢሲሲ83 ያሉ ቲዩቦች ፊላመንታቸው በ6.3 ወይም በ12.6 ቮልት ይሠራል። በተለዋዋጭ ጅረት ሲሞቅ ሁለቱ ሽቦዎች ጥብቅ ተደርገው ተገምደው፣ ከግሪዱ ሽቦ ርቀው በቻሲው ጥግ መሄድ ይኖርባቸዋል። ከሁለቱ ሽቦዎች ወደ ኧርዝ የሚገቡ ሁለት 100 ኦም ሬዚስተሮች ፊላመንቱን ያመጣጥኑታል። ፊላመንቱን ከካቶዱ በላይ ወደ 40 ቮልት ገደማ ከፍ ማድረግም በመካከላቸው የሚሾልከውን ጅረት ይቀንሳል። ለማይክሮፎን ፕሪአምፕ ግን የተጣራና በሬጉሌተር የተስተካከለ ቀጥተኛ ጅረት ተመራጭ ነው።

ኧርዝና ትራንስፎርመር

ሬክቲፋየሩ የመጀመሪያውን ካፓሲተር የሚሞላው በአጭርና ኃይለኛ ምት ነው። ይህ ጅረት የድምፁ ክፍል በሚጠቀምበት የኧርዝ ሽቦ ካለፈ የትኛውም ማጣሪያ አያድነውም። ስለዚህ የሬክቲፋየሩ መመለሻ በቀጥታ ከካፓሲተሩ ጋር ይያያዛል፤ የድምፁ ኧርዝ የሚነሳውም ከካፓሲተሩ በኋላ ሲሆን ከቻሲው ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ ይገናኛል። የኃይል ትራንስፎርመሩ ከመግቢያው ትራንስፎርመር ርቆና ወደ ጎን ዞሮ፣ ጉምጉምታው ዝቅ በሚልበት አቅጣጫ ይታሰራል። ኃይል ሰጪውን በተለየ ሣጥን ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው። ጉምጉምታ ለመቀነስ ብሎ የሶኬቱን የደህንነት ኧርዝ መንቀል ግን ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ከአሜሪካ የሚመጡ መሣሪያዎች

በአሜሪካ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ በቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ቢሠራም ድግግሞሹ 50 ኸርዝ እንደሆነ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የትራንስፎርመሩ መግነጢሳዊ ጫና በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ብረቱ ይሞቃል፣ የሚረጨው መስክም ያይላል። የሬክቲፋየሩ ሞገድም በዚያው መጠን ያድጋል። መለያው ላይ 50/60 ኸርዝ የተጻፈበት መሣሪያ ይህ ችግር የለበትም፤ ሌላው ግን ትራንስፎርመሩን መቀየርና ካፓሲተሩን ማሳደግ ሊያስፈልገው ይችላል።

ዕድሜና ጥንቃቄ

የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ የይፋት ቆላማ ቦታዎች የሚሠራ መሣሪያ በደጋ ካለው ቀድሞ ማጉምጎም ሊጀምር ይችላል፤ የቲዩቦቹ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። በሥራ ላይ ከርሞ ቀስ በቀስ ጉምጉምታ ያመጣ ፕሪአምፕ መጀመሪያ የሚመረመረው በማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ነው። እነዚህ ካፓሲተሮች መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ወደ 300 ቮልት ሊይዙ ስለሚችሉ፣ እጅ ከመግባቱ በፊት በሬዚስተር አራግፎ በመለኪያ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።