ኤተሪየስ ማኅበር

ኤተሪየስ ማኅበር እንግሊዛዊው ጆርጅ ኪንግ (1919–1997 እ.ኤ.አ.) በ1955 በለንደን የመሠረተው፣ በሌሎች ፕላኔቶች የሚኖሩ ልዕለ ሰብአዊ መምህራን የሰውን ልጅ ይመራሉ ብሎ የሚያስተምር ዘመናዊ ሃይማኖት ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በቬኑስ ይኖራል ከሚባለው መምህር ነው። ዮጋ ያዘወትር የነበረው ኪንግ በ1954 የፕላኔቶች ሸንጎ ቃል አቀባይ እንዲሆን የሚያዝ ድምፅ እንደሰማ የተናገረ ሲሆን፣ ከዚያም በተመስጦ፣ ማለትም ልቡናው ከአካባቢው ተለይቶ በሚቆይበት ሁኔታ፣ መልእክት እንደሚቀበል ይገልጽ ነበር።

ተከታዮቹ ኢየሱስና ቡድሃ ከሌሎች ፕላኔቶች የመጡ መምህራን መሆናቸውን፣ እንዲሁም የሰው ሥራ ወደ ራሱ ይመለሳል የሚለውን የካርማ ሕግ ያምናሉ። ጸሎትን እንደሚከማች ኃይል ስለሚቆጥሩትም፣ በ1973 በተጀመረው ሥርዓት በኅብረት እየጸለዩ ይህን ኃይል ለዚሁ በተሠራ ባትሪ ያጠራቅማሉ፤ በአደጋ ጊዜም ለዓለም እንደሚለቁት ይናገራሉ። ከ1958 እስከ 1961 በመንፈሳዊ ኃይል ተሞልተዋል የሚሏቸውን ተራሮች፣ በእንግሊዝ ዴቨን የሚገኘውን ሆልድስቶን ዳውንና በታንዛኒያ የሚገኘውን ኪሊማንጃሮ ጨምሮ፣ እንደ ቅዱሳን ስፍራዎች ይሳለማሉ። የማኅበሩ ዋና ማዕከላት በለንደንና በሎስ አንጀለስ ይገኛሉ።