የሜትሮፖሊስ ሲኒማ ታሪክ፤ እንዴት እንደ ተቈረጠና እንዴት እንደ ተገኘ

መጽሐፍ ደራሲው እንደ ጻፈው ሳይጐድል ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው በገልባጮች ትጋት ነው። ገልባጭ አንድ ቅጠል ቢዘል አንባቢ የነገሩን ምክንያት ያጣል፤ ምክንያቱንም ባጣ ጊዜ ጥፋቱን በደራሲው ላይ ያደርገዋል። ይህም በብራና መጽሐፍ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በሲኒማም ደርሷል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው በጀርመን አገር የተሠራው፤ ሜትሮፖሊስ የተባለው ድምፅ የሌለው ሲኒማ ነው።

ይህን ሲኒማ ያዘጋጀው በ1890 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቪየና ከተማ የተወለደው ፍሪትዝ ላንግ ነው። ድርሰቱን የጻፈችው ሚስቱ ቴያ ፎን ሃርቡ ናት። ኡፋ የተባለው የሲኒማ ኩባንያ በ1925 እና በ1926 ሲያሠራው ከ5 ሚሊዮን የጀርመን ማርክ በላይ ወጪ አደረገ። ጥር 10 ቀን 1927 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በበርሊን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል አያንስም ነበር።

ታሪኩ ወደ ፊት ትሠራለች ተብላ በአሳብ ስለ ተፈጠረች ከተማ ነው። ጌቶች ከሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ላይ በተድላ ይኖራሉ፤ ሠራተኞች ከምድር በታች ለመኪናዎች ሲደክሙ ይውላሉ። ማርያ የምትባል ቈንጆ ሠራተኞቹን በዋሻ ሰብስባ የባቢሎንን ግንብ ታሪክ ትነግራቸዋለች፤ ግንቡን ያሰበ ራስና ጡቡን የተሸከመ እጅ ሊግባቡ ስላልቻሉ በመካከላቸው ልብ አስታራቂ ሊሆን ይገባል ስትል ታስተምራለች። ሮትቫንግ የሚባለው ሊቅ ግን በማርያ መልክ የመኪና ሴት ሠርቶ ሕዝቡን ለጥፋት ያነሣሣል።

ሮትቫንግ ይህን ያደረገበት ምክንያት ነበረው። ሄል የምትባለውን ሴት ይወድ ነበር፤ እርስዋ ግን የከተማውን ጌታ አግብታ ልጁን ስትወልድ ሞተች። የመኪናዪቱን ሴት የሠራት የሞተችውን መልሶ ለማግኘት ሲል ነው፤ ቂሙም ከዚሁ ኀዘን የመጣ ነው።

ኡፋ በዕዳ ተይዞ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ገንዘብ ተበድሮ ስለ ነበረ፤ ፓራማውንት የተባለው ኩባንያ ሲኒማውን ለአሜሪካ ተመልካች እንዲያጥር አደረገው። ይህንም ሥራ ቻኒንግ ፖሎክ ለተባለ ደራሲ ሰጠው። የሄል ስም በእንግሊዝኛ ሲኦል ከሚባለው ቃል ጋራ ስለሚመሳሰል ተመልካች ይሥቃል ተብሎ የሴቲቱ ታሪክ ከነመታሰቢያዋ ወጣ። በዚያው በ1927 በጀርመንም አገር ሲኒማው አጥሮ ታየ። ከዚህ በኋላ ሮትቫንግ ያለ ምክንያት የሚከፋ እብድ መሰለ። ታሪኩ ደካማ ነው ብለው ለብዙ ዘመን የፈረዱት ሰዎች አብዛኞቹ የፈረዱት ባላዩት ነገር ላይ ነው።

የተቈረጠው ፊልም ለዘለዓለም ጠፋ ተብሎ ሲታመን፤ ሙሉው ቅጂ በሩቅ አገር ይገኝ ነበር። ሳይቈረጥ በፊት ወደ አርጀንቲና ተወስዶ በአንድ የሲኒማ ሐያሲ እጅ ቈየ። የጥንቱ ፊልም እሳት ቶሎ የሚይዘው ስለ ሆነ ኋላ ወደ 16 ሚሊሜትር ፊልም ተገለበጠ። የሲኒማ ታሪክ ዐዋቂው ፈርናንዶ ፔኛ አንድ ሰው ይህን ፊልም ሲያሳይ ከሁለት ሰዓት በላይ በጣቱ ደግፎ እንደ ቆመ ሰምቶ ነበር፤ የታወቀው አጭር ቅጂ ያን ያህል ጊዜ ስለማይፈጅ ነገሩን በልቡ ያዘው። በ2008 ከቦነስ አይረስ የሲኒማ ሙዚየም ሹም ከፓውላ ፌሊክስ ዲዲየር ጋራ ፊልሙን አገኙት። ጐድሎ ከነበረው 25 ደቂቃ ያህል ተመለሰ።

እያንዳንዱ ሥዕል የሚገባበትን ስፍራ ያመለከተው ጎትፍሪድ ሁፐርትዝ ለሲኒማው የጻፈው የዜማ መጽሐፍ ነው፤ በዳሩ ከሺህ የሚበልጡ ምልክቶች ተጽፈውበት ነበርና። የታደሰው ሲኒማ የካቲት 12 ቀን 2010 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በበርሊን ታየ። የተገኘው ክፍል ተፋፍቆ ዝናብ የሚወርድበት ይመስላል፤ አዳሾቹም ሊያጠፉት የማይቻላቸውን ጭረት እንዳለ ተዉት።

ሜትሮፖሊስ በተቈረጠበት ዘመንም ቢሆን ብዙ ሠሪዎችን አስተምሯል፤ በ1977 በወጣው ስታር ዋርስ በተባለው የአሜሪካ ሲኒማ የሚታየው የወርቅ መልክ ያለው የመኪና ሰው ከዚያች ሴት አምሳል የተቀዳ ነው። ላንግ ራሱ ግን ልብ አስታራቂ ነው የሚለውን መደምደሚያ ኋላ አልወደደውም። እንዲህም ሆኖ ሥራው መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ለማለት አስቀድሞ ሙሉውን ማየት ይገባል።

ዛሬም ሁለት ክፍሎች አልተገኙም፤ ከነርሱም አንዱ መነኵሴ በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ስለ ዓለም ፍጻሜ ሲሰብክ የሚታይበት ነው። አዳሾቹ በአሳባቸው ፈጥረው አልሞሉትም፤ በስፍራው የጐደለውን ነገር በጽሑፍ አስቀመጡ። ቈራጮቹ የጐደለ መሆኑን ሰውረው ነበር፤ አዳሾቹ ግን ጐድሏል ብለው ጻፉ። የታመነ ገልባጭ የሚታወቀውም በዚህ ነው።