ባለሀብት የሚባለው ማን ነው? ግብር፣ አመኔታና የሕዝብ አስተያየት በሐዋሳ

ሀብታም ከድሃ የበለጠ ግብር ይክፈል ቢባል የሚቃወም ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። ጎራ የሚያስለየው ሀብታም የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ሀብቱን ማን እንደሚገምትና ገንዘቡ የት እንደሚገባ ነው። ስለዚህ የሕዝቡን አስተያየት በኑሮ ደረጃ ብቻ ለይቶ ማጥናት ያሳስታል፤ አስተያየቱ በይበልጥ የሚከተለው በገማቹ ላይ ያለውን እምነት ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1960 ዓ.ም የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሰፊ መሬት ያላቸውን የበለጠ ለማስከፈል የታሰበ ነበር። ባለመሬቶች የበዙበት ፓርላማ አለሳልሶ አሳለፈው። ሆኖም ጠመንጃ አንሥተው ያመፁት የዳሞት፣ የሞጣና የቢቸና ባላገሮች ናቸው። ገማቹ መሬታቸውን ለክቶ ርስታቸውን የሚነጥቃቸው መስሏቸው ነበር። መንግሥትም በመጨረሻ የአካባቢውን ጠቅላይ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሣ፣ የግብር ውዝፉንም ማረ። በ2009 ዓ.ም የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ ደግሞ እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ሱቅ የዘጉት ትንንሽ ነጋዴዎች ነበሩ።

ሐዋሳ ላይ ጥያቄው ይበልጥ ይወሳሰባል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ለባለሀብቶች የዓመታት የግብር እፎይታ ተሰጥቶ ነበር። በ2011 አካባቢ የአንዲት ጀማሪ ስፌት ሠራተኛ ደመወዝ 750 ብር ገደማ ነበር። ከግብር ነፃ የሆነው 600 ብር ብቻ ስለነበር ከቀሪው 150 ብር ላይ 15 ብር ግብር ደመወዟ እጇ ሳይገባ ይቆረጥ ነበር። እፎይታው ሥራ ለመፍጠር ነው የሚለው ምክንያት ውኃ የሚያነሣ ቢሆንም ለዚህች ልጅ ፍትሕ መስሎ አይታይም።

በሐምሌ 2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ነፃውን ገቢ ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ግን ከ14,000 ብር በላይ ነው። ከዚህ ጥቂት ከፍ ያለ ደመወዝ ያለው መምህርና ሚሊዮኖች የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ የመጨረሻ እርከናቸው አንድ ነው ማለት ነው። በኔ እምነት የአዋጁ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀውን መምህር «ከፍተኛ ገቢ ያለው» ካልነው በኋላ እውነተኛውን ባለሀብት የምንጠራበት እርከን አይኖረንም።

ከዚህ ላይ ፖለቲካው ይደረባል። በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ 98.5 በመቶ ድምፅ ያገኘው የሲዳማ ክልልነት ሐዋሳን የክልሉ መዲና አደረጋት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴዎችና የቤት ኪራይ ግብር የክልሉ ገቢ ነው። ለአንዱ ነዋሪ ይህ ራስን የማስተዳደር ፍሬ ነው። ከወላይታ፣ ከጉራጌ ወይም ከሰሜን መጥቶ ሐዋሳ ላይ ወልዶ የከበደው ሌላው ደግሞ ግምቱ በማን ዓይን እንደሚሠራ ይጠይቃል። የ2010 እና የ2011 ግጭቶች ትዝታ ገና አልደበዘዘምና ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የሚፈተነው እዚህ ነው። በሐይቁ ዳርቻ የተደረደሩ ሆቴሎች በወጉ ቢከፍሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከ30 ዓመት በፊት መሐል ከተማ ቤት የሠራ ጡረተኛም በገበያ ዋጋ ሲታይ ባለሀብት ይሆናል፤ የሚከፍልበት ገንዘብ ግን የለውም። ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት አዋጁን ሐዋሳ ላይ ሲያስፈጽም የግምት ስሌቱን በየቀበሌው ይለጥፍ፣ ቅሬታ ሰሚው ከገማቹ መሥሪያ ቤት ውጭ ይሁን፣ የተሰበሰበው ገንዘብ በየትኛው መንገድና ፍሳሽ ላይ እንደዋለም በየዓመቱ ይፋ ያድርግ።