ከኢሞላ እስከ ዞልደር፦ ለሁለት የተተረጎመ ትእዛዝ



በመኪና እሽቅድምድም ታሪክ ውስጥ በአንድ ቡድን ባልደረቦች መካከል የሚነሣውን የአድልዎ ጥርጣሬ ሳጠና፣ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ጣሊያኗ ኢሞላ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1982 የሬኖ መኪኖች ከውድድር ሲወጡ፣ የፌራሪዎቹ ዢል ቪልነቭና ዲዲየ ፒሮኒ ብቻቸውን ፊት ቀሩ። ቡድኑም «ቀስ በሉ» የሚል ሰሌዳ አሳየ። ቪልነቭ «ተራችሁን ጠብቁ» ማለት ነው ብሎ ተረዳው፤ ፒሮኒ ግን መቅደም አልተከለከለም ባይ ነበር። በመጨረሻው ዙር ቀድሞት አሸነፈ።

የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ማርኮ ፒቺኒኒ የፒሮኒ ሚዜ መሆኑ ለጥርጣሬው መንገድ ከፈተ። ኤንዞ ፌራሪ የቪልነቭን ቅሬታ እንደሚረዳ በይፋ ቢገልጽም፣ ቁርሾው አልሻረም። ቪልነቭ ባልደረባውን ዳግመኛ እንደማያነጋግር ተናገረ።

ከ13 ቀናት በኋላ በቤልጂግ ዞልደር፣ ፒሮኒ በማጣሪያው የተሻለ ሰዓት ይዞ ሳለ፣ ቪልነቭ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ። ቂም ገደለው ለማለት አልደፍርም፤ የሟች ልብ መዝገብ የለውም። በእርግጠኝነት የምናውቀው ሰሌዳውን ነው። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ያምራል፤ ለትእዛዝ ግን አይሆንም። አለቃ ቃሉን ካልለየ፣ ባያደላም እንኳ ያደላ ይመስላል።